ለሰኞ ያልኩህ ፍሬን

ውድ ታናሼ፣

መልስ ለማይጽፍ ሰው «እንደምን ከረምክ» ማለት ሞኝነት መሆኑ አይጠፋኝም። ቢሆንም እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን ልልህ ነበር፤ ግን ውሸቴ በዝቷል፣ ይቅር።

ዛሬ ጠዋት ሞተርህ በጋራዡ በር አለፈ። ሞተር ሳይክልህን አላልኩም፤ እሷማ ተጨራምታ ቀርታለች። በእጄ የገጠምኩልህን ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ ሞተር ነው የምልህ። አባባ «ዓይኔ አይየው» ብሎ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ሲሰጠው፣ ቀልጦ የድስት ክዳን የሆነ መስሎኝ ነበር። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት ቆሞ ሲሠራ፣ ሦስቴ ይመታና አንዴ ይውጣል፤ እንደዚያ ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ከሺህ ሞተር መሃል እለየዋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ድምፁ ከጆሮዬ አልወጣም። ስበላ ይመጣል፣ ሰው ሲያወራኝ ይመጣል። ዛሬ ግን መንገደኛውም ዞር ብሎ አየው።

አሮጌዋ መቶ ሃያ አምስት ሞተር ሳይክልህ መድኃኒት ጭነህባት ዳገቱን ስትወጣ ታቃስት ነበር። «ጋሼ፣ እስክደርስ በሽተኞቹ ድነው ይጠብቁኛል» እያልክ ታስቀኝ ነበር። እናም ትልቁን ሞተር ፈልጌ አገኘሁልህ። የሞተሩን መያዣ ቆርጬ፣ በይጄ፣ በሦስት ቀን ገጠምኩት። አርብ ጠዋት ሲነሳ ሁለታችንም እንደ ሕፃን ዘለልን። ከዚያ ጎንበስ ብለህ የፊት ጎማውን አየህና፣

«ጋሼ፣ ፍሬኑስ? ይሄ የድሮ የፍሬን ሸራ ይሄን ጉልበት ይችለዋል?» አልከኝ።

የገዛሁልህ አዲሱ የዲስክ ፍሬን፣ የፊት ጎማውን ከሚይዘው ሹካ ጋር፣ መደርደሪያው ላይ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ግን ዳገቱን ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ እጄን እንዲያደንቅልኝ ቸኩያለሁ። «ለሰኞ ይደርሳል፤ እስከዚያ ማርሽ እየቀነስክ ውረድ» አልኩህ።

ዳገቱን ስትወጣ ቆሜ አየሁ። ቁልቁለቱን አላየሁም።

በቀብርህ ዕለት ሰው ሲጠይቀኝ «ፍጥነት ይወድ ነበር» አልኩ። አባባም ያንኑ ይዞ ቀረ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ የኔ ልጅ መልቀሚያ ጊዜ እንኳ አላገኘም» ይላል። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ፍሬን የጠየቅከው አንተ፣ የቸኮልኩት እኔ።

ዛሬ ያን ድምፅ ስሰማ እየሮጥኩ ደረስኩበት። ሞተሩን ከቁራጭ ብረት ነጋዴው የገዛ፣ ዳቦ የሚያመላልስ ጎልማሳ ነው። ሻሲው እንዳንተው ያረጀ መቶ ሃያ አምስት፣ የፊት ጎማውም ያው የሸራ ፍሬን። መሪውን ያዝኩት።

«ምነው ወንድም፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ውረድ። ፍሬኑን ሳልቀይርልህ አትሄድም።»

«ኧረ ዳቦው ይቀዘቅዝብኛል!»

«አንተ ከምትቀዘቅዝ እሱ ይቀዝቅዝ!»

ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ወረደና ወደ ጋራዡ ተመለስን። ያንተን ዲስክ አወረድኩ። የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈታሁ። የመጨረሻውን ቡሎን ሳጠብቅ አባባ ምሳዬን ይዞልኝ መጣ። ልክ ያኔ ሰውየው ሞተሩን አስነሳው። አባባ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ይሄ ድምፅ...»

«አዎ አባባ፣ የሱ ነው። ፍሬኑም የሱ ነበር። እንድገጥምለት ጠይቆኝ ለሰኞ አልኩት።»

«ጠየቀህ?»

«ጠየቀኝ።»

ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እንግዲያው ልጄ ችኩል አልነበረም» አለና ሄደ። እስካሁን አላናገረኝም። ማታ ቤት ስገባ ግን ከቁም ሣጥን ውስጥ የደበቀውን ፎቶህን ግድግዳው ላይ ሰቅሎት አገኘሁ፤ ከፊቱ ተቀምጦ ያለቅሳል።

ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ዳቦ አመላላሹ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን እታች እስኪደርስ ቆሜ አየሁት። ፍሬኑ ቀስ ብሎ ያዘለት።

ዛሬ ሰኞ ነው፣ ወንድሜ። ፍሬንህ ደርሷል።

የዘገየው ጋሼ