ሊቀመንበራችን ክፉ ወሬ መናገር ስለማይችሉ ጉባኤ እንዲጠራልን

ለማኅበራት ምዝገባና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቡላዋዮ

ቀን፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 2019

አመልካች፦ ወ/ሮ ሲካንጌዚሌ ማቱቱ (በማኅበሩ ዘንድ ማሞዮ)፣ የኡምቱንዚ የሕዝብ ቲያትር ማኅበር ምክትል ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ በጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ እንዲጠራልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የጽሕፈት ቤትዎ ሥራ ብዙ መሆኑን አውቃለሁ። አቤቱታዬ ሊያጥር ይገባ ነበር፤ አላጠረም። እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1. እኔ አመልካች በገበያ ለምግብ የሚሆን የደረቀ የሞፓኔ ትል እየሸጥኩ የምተዳደር፣ ባሌን የቀበርኩ፣ ልጆቼን ድሬ ያስወጣሁ ሴት ነኝ። ማኅበሩ ሲመሠረት ጀምሮ አባል ነኝ። በመድረክ ላይ የምጫወተው አማት ሆኜ ነው። በሁሉም ቲያትር ውስጥ አማት አለች፤ ስለዚህ ሥራ ፈትቼ አላውቅም።

2. ይህ አቤቱታ ሊቀመንበራችንንና አዘጋጃችንን አቶ ዱሚሳኒ ቹማን የሚመለከት ስለሆነ፣ አስቀድሜ ስለ መልካምነታቸው መመስከር ግዴታዬ ነው። ባባ ቹማ (እንደ አባት ስለምናያቸው ባባ እንላቸዋለን) የማኅበሩን ንብረት ነክተው አያውቁም። አይጠጡም። ሰው ሰድበው የሰማ የለም። ባሌ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እርሳቸው ነበሩ፤ ትከሻቸው እስኪላጥ ለሌላ ሰው አላስረከቡም። ጉድለታቸው አንድ ነው። ለሰው ክፉ ወሬ መንገር አይችሉም። ይህ ጉድለት መሆኑ የገባን ዘግይቶ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ደግነት ይመስላልና።

3. ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልዎ አንድ ምሳሌ አቀርባለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባባ ቹማ በአንድ ቲያትር የባልነቱን ሚና ከተዋናያችን ከሜሉሲ ወስደው ለኦቤድ ሰጡ። ኦቤድ ከበሮ መቺያችን ነው፤ ትወናም ይሞክራል። ለኦቤድ ነገሩት። ለሜሉሲ ግን ነገ እነግረዋለሁ እያሉ ቆዩ። ሜሉሲ ለብቻው እያጠና ነበር። የመክፈቻው ዕለት ሁለቱም በየፊናቸው ኮት ለብሰው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ በር፣ ባል ሆነው ወደ መድረክ ወጡ። ሚስት ሆና የምትጫወተው ጌትሩድ ‹‹የት አመሸህ?›› ማለት ነበረባት። ሁለቱንም አየቻቸውና ‹‹የት አመሻችሁ?›› አለች። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባባ ቹማ በኋላ ሲጠየቁ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አሉ። ሜሉሲ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም። ዛሬ ሚኒባስ ይነዳል። ገበያ ደጃፍ ሲያልፍ ጥሩንባ ይነፋልኛል፤ አይቆምልኝም።

4. የምንሠራበት አዳራሽ የጡረተኛ ባቡር ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር ንብረት ነው። ለብዙ ዘመን በነጻ ስንጠቀምበት ኖረናል። ባለፈው ክረምት ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ጡረተኞቹ ማሳደስ አልቻሉም። አንድ ቤተ ክርስቲያን እኔ አድሼ ልግባበት ሲል ጠየቃቸውና ተስማሙ። በዚህ አልከሳቸውም። ጣሪያ ያፈሳል፤ ሽማግሌ መሰላል መውጣት አይችልም።

ሊቀመንበራቸው ባባ ምፖፉ ይህንኑ ሊነግሩን ራሳቸው መጡ። እኛ ልምምድ ላይ ነበርን። ባባ ቹማ በር ላይ ተቀብለዋቸው ጥግ ይዘው ካነጋገሯቸው በኋላ ወደ እኛ ዞረው፣ እኚህ አባት ጥበባችንን የሚወዱ ናቸው፣ ዝፈኑላቸው አሉን። ተነሥተን ዘፈንንላቸው። ባባ ምፖፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። እንባቸው ሲወርድ አየን። ጥሩ የዘፈንን መሰለን፤ አንድ ጨመርንላቸው።

5. በዚያው ሰሞን ጌትሩድ በፍራንሲስታውን ሆቴል የወጥ ቤት ሥራ አግኝታ ነበር። ጌትሩድ እናቷንና የሟች እኅቷን ልጆች የምታስተዳድር፣ የማኅበራችን ዋና ተዋናይት ናት። ድንበር ተሻግራ ብትሄድ ቤቷ ይለወጥ ነበር። ከመወሰኗ በፊት ወደ ባባ ቹማ ሄዳ፣ ወደ ሌሎች ከተሞች እናደርገዋለን የተባለው ጉዞ ቁርጥ መሆኑን ጠየቀቻቸው። ጉዞው ከተሰረዘ ሰንብቶ ነበር፤ እርሳቸውም ያውቁ ነበር። ቁርጥ ነው አሏት። ዋሽተዋታል። ጌትሩድ የሆቴሉን ሥራ ለአክስቷ ልጅ አሳልፋ ሰጠች። የአክስቷ ልጅ አሁን በየወሩ መጨረሻ ለቤተሰቧ ዘይትና ዱቄት ትልካለች። ጌትሩድ በሰው ቤት ልብስ ታጥባለች።

6. እኔ እውነቱን የሰማሁት ከደንበኛዬ ነው። አንዲት በአለባበሷ የተከበረች ሴት ትል ልትገዛ መጥታ፣ እየሰፈርኩላት ሳለ ‹‹እናቴ፣ እርስዎ እዚያ አዳራሽ ይጫወቱ የለ? መስኮቶቹ ምን ያህል ይሆናሉ? መጋረጃ ልናሰፋ ነው›› አለችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ‹‹ከእናንተ ቀጥሎ የምንገባው እኛ ነና›› አለች። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሚስት ናት። አለማወቄን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምንም ጥፋት የለባትም። መርቄ ሰጠኋትና የመስኮቶቹን ልክ በክንዴ አሳየኋት፤ ሌላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም።

ያን ዕለት ገበያዬን ዘግቼ ወደ ባባ ቹማ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለአዲሱ ቲያትር ጭንብል ቀለም ይቀቡ ነበር። የሰማሁትን ነገርኳቸው። ብሩሻቸውን አላስቀመጡም።

‹‹ማሞዮ፣ ልጆቹ ቲያትሩን ሊከፍቱ ነው። አሁን ብነግራቸው ልባቸው ይሰበራል።››

‹‹ከከፈቱ በኋላስ?››

‹‹ከከፈቱ በኋላ ደስ ብሏቸው ይሆናል። ደስ ያለውን ሰው እንዴት ብለሽ ታስከፊዋለሽ?››

እኔም ሰው ነኝና አንድ ነገር ያደርጋሉ ብዬ ጠበቅኩ።

7. የመክፈቻው ዕለት ስንመጣ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጭንብሉ፣ ልብሱ፣ ከበሮው ሁሉ ውስጥ ነው። ተመልካች ወንበሩን ከየቤቱ ተሸክሞ መምጣት ጀምሯል። ባባ ቹማ የሉም። ስልካቸውን ያነሣችው ሚስታቸው ስትሆን፣ ራሳቸውን አሟቸው ተኝተዋል አለች።

ኦቤድ ድንጋይ አንሥቶ ቁልፉን ሊሰብር ሄደ። በሩ የእኛ አይደለም ብዬ ከለከልኩት። ‹‹ታዲያ የማን ነው?›› ብሎ ጮኸብኝ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አባላቱን ከአዳራሹ ደጅ ካለው የማሩላ ዛፍ ሥር ሰብስቤ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። አዳራሹ ተሰጥቷል። ጉዞው ተሰርዟል። ልብሳችን መቼ እንደሚወጣ አላውቅም። የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። የሚጠይቁኝ ስለበዙ ደጋግሜ አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ እንዲህ የሚያደክም ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ጌትሩድ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ባባ ቹማ ስለ ጉዞው ያወቁት መቼ ነው አለች። ነገርኳት። የጭንቅላት ማሰሪያዋን ፈታች፤ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ለተመልካቹም ወጥቼ ዛሬ ቲያትር የለም፣ ምክንያቱም አዳራሽ የለንም አልኩ። ተሳዳቢ ይኖራል ብዬ ነበር። አንድ ሽማግሌ ‹‹አይ፣ ከነገርሽንስ ደግ ነው›› ብለው ወንበራቸውን ተሸክመው ሄዱ።

8. በማግሥቱ ከአባላቱ ጋር ሆነን ወደ ባባ ምፖፉ ቤት ሄድን። አጥር ግቢያቸው ስንገባ ደንግጠው ተነሡ። ልንጣላቸው የመጣን መስሏቸዋል። እንዳልተነገረን ስነግራቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

‹‹ልጄ፣ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የምታውቁ መስሎኝ ነበር። ያን ዕለት የዘፈናችሁልኝ እንዳፍር ብላችሁ መስሎኝ፣ ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስኩም።››

በዚያ ግቢ ባባ ቹማን ያልረገመ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ከእርግማኑ በኋላ ግን መነጋገር ጀመርን። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሹን የሚፈልገው ቅዳሜና እሑድ መሆኑ ታወቀ። ፓስተሩ ተጠርተው መጡ። ሚስታቸውም አብራ ነበረች፤ እኔን ስታይ እንደገና እጇን አፏ ላይ አደረገች። በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ እኛ እንድንጠቀም፣ በጣሪያው እድሳትም ጉልበት እንድናዋጣ ተስማማን። ንግግሩ ከአንድ ምሳ ያለፈ ጊዜ አልወሰደም። ገንፎና የደረቀ ጎመን አበሉን። ቀድሞ ቢነገረን ኖሮ ቀድሞ እንበላው ነበር።

ባባ ምፖፉ ግን አንድ ነገር አጥብቀው አሉ። ውሉን የሚፈርመው ማኅበሩን ወክሎ ለመናገር ሥልጣን ያለው ሰው መሆን አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ዱሚሳኒ ቹማ እንዳይሆን። እስከዚህ ወር መጨረሻ ይጠብቁናል። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጣል።

9. ችግሩ ይህ ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ሊቀመንበሩን መለወጥ የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው። ጠቅላላ ጉባኤውን መጥራት የሚችለው ደግሞ ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። ይህን ደንብ ያረቀቁት ባባ ቹማ ናቸው፤ በጭብጨባ ያጸደቅነው እኛ ነን። ጉባኤ እንዲጠሩ በአካል ጠይቀናቸዋል። በቅርቡ ይጠራል ብለዋል። ይህን የተናገሩት ፈገግ ብለው ነበር።

ስለሆነም፣ ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በሕግ በተሰጠው ሥልጣን የማኅበራችንን ጠቅላላ ጉባኤ ከወሩ መጨረሻ በፊት እንዲጠራልን፣ አንድ ታዛቢም እንዲልክልን በትሕትና እለምናለሁ። በጉባኤው ሌላ ሊቀመንበር እንመርጣለን። እኔ መመረጥ አለብኝ አልልም፤ የሚመረጠው ሰው ግን የሰማውን በሰማበት ሳምንት እንዲነግረን በደንቡ እናስገባለን። አቶ ቹማ እንዲቀጡልን ወይም ከአባልነት እንዲሰረዙልን አንጠይቅም። አዘጋጅ ሆነው እንዲቀጥሉ የምንፈልግ ብዙዎች ነን። እንደ እርሳቸው ሰውን ከመድረክ ላይ አቁሞ ማሳመን የሚችል የለንም። ከመድረክ በታች ነው ያስቸገሩን።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን አቤቱታ ከማቅረቤ በፊት ትናንት ወደ ባባ ቹማ ቤት ሄጄ ከላይ እስከዚህ ድረስ ያለውን አነበብኩላቸው። ከጀርባቸው እንዲሰሙት አልፈለግኩም። ተራ ቁጥር አምስት ላይ ‹‹ዋሽተዋታል›› የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

‹‹ሌላ ቃል የለም?››

‹‹ካለ ይንገሩኝ፣ ባባ። አሁኑኑ እለውጠዋለሁ።››

ረዘም ላለ ጊዜ አሰቡ። ቃል የማያጡ ሰው ናቸው። ‹‹ተይው›› አሉኝ። አንብቤ ስጨርስ ጉባኤውን ራሳቸው ይጠሩት እንደሆነ በድጋሚ ጠየቅኳቸው። እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፤ በፈቃዳቸው የማሰፍረው ነው፦

‹‹እጠራዋለሁ እልሻለሁ፤ አልጠራውም። አቤቱታውን ስጪያቸው።››

ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ጌትሩድ ቤት ሄዱ። አብሬ ሄጄ አጥር ላይ ቆምኩ። ጌትሩድ ወንበር አላቀረበችላቸውም። ውኃም አልሰጠቻቸውም። ልብስ እያጠበች ነበር፤ እርሳቸው ቆመው እየተናገሩ ማጠቧን ቀጠለች። ሲጨርሱ አንድ ነገር አለቻቸው፤ ከቆምኩበት አልተሰማኝም። ምን እንዳለቻቸው ሁለቱንም አልጠየቅኩም። ይቅር ብላቸው ይሆን አላውቅም፤ አባላቱ ወደተሰበሰቡበት ስንመለስ ግን እርሷም እጇን እየጠረገች ከኋላችን መጣች።

ከማሩላው ዛፍ ሥር ባባ ቹማ በመካከላችን ቆሙና ስለ አዳራሹ፣ ስለ ጉዞውና ስለ ሜሉሲ ተናገሩ። ክቡር ሆይ፣ የእኚህ ሰው ድምፅ በጣሪያ ላይ በረዶ ሲወርድ እንኳ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይሰማል። ትናንት ግን ከፊት የተቀመጥነውም በቅጡ አልሰማናቸውም። ንግግራቸውን ሲጨርሱ ኦቤድ ከኋላ ተነሥቶ ቆመና ‹‹ባባ፣ አልተሰማም። ይድገሙልን›› አላቸው።

ጉሮሯቸውን ጠርገው ደገሙት።

ውሳኔዎን በአክብሮት እየጠበቅኩ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሲካንጌዚሌ ማቱቱ
የኡምቱንዚ የሕዝብ ቲያትር ማኅበር ምክትል ሊቀመንበር