ሳልደግስ ስለተወሰደው የጥሪ ዝርዝሬ

በምስጢር የሚጠየቁ የግል መረጃዎችን እንድትቆጣጠሩ በምክር ቤቱ ለተሾማችሁ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ወገባችሁ፣ ጉልበታችሁ፣ ይልቁንም ጥያቄ ለማጽደቅ እጅ ስታወጡ የሚደክመው ትከሻችሁ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔንም ከኔ ቀድማችሁ ሳታውቁ አትቀሩም።

ፊደል አልቆጠርሁም። እኔ እየተናገርሁ የሚጽፈው ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ወንድምአገኝ ነው፤ ቃሌን እንዳያለዝብ በማርያም አስምየዋለሁ።

ሚስቴ ካረፈች ቆይታለች። ዓምና ከጅጋ ቡሬ ገበያ በቅሎ ልሸጥ ሄጄ፣ ወይዘሮ ሥርጉት የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው በርበሬ ነጋዴ አገኘሁ። በርበሬያቸውን ሳሸት አስነጠሰኝ፤ እሳቸው ሳቁ፤ በቅሎዋን መሸጡን እንኳ ረሳሁ። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ እየደወልሁ ስንጫወት ከረምን፤ ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ ልልክ ቆርጬ ነበር።

ታዲያ ሽማግሌዬን አንድ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ቀደመው። ሰው ልኮ የወይዘሮ ሥርጉትን የበኩር ልጅ ክንፈሚካኤልን፣ «በማለዳ ከእናትህ ጋር የሚዶልተው ሰውዬ ማነው?» ብሎ ጠየቀው። እናቱ በዚያ ሰዓት ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ ይመስለው የነበረ ልጅ ነው።

እኔም ወሬው ሲደርሰኝ ከዘራዬን ይዤ መሥሪያ ቤቱ ገባሁ። ሹሙ፣ «አባቴ፣ የጥሪ ዝርዝርዎን ብቻ ነው የወሰድነው» አለኝ። እኔ ጥሪ ሲባል የማውቀው የሠርግ ጥሪ ነውና፣ «ጠላው ሳይጠነሰስ የጥሪዬን ዝርዝር ማን ሰጣችሁ? ደግሞስ ማንን ልትቀንሱብኝ ነው?» አልሁት። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ስልክ የደወልሁላቸው ሰዎች ማለት መሆኑን፣ በምስጢር መጠየቁን፣ እናንተ እንደምትቆጣጠሩት የነገረኝ ዓይኑን ጠርጎ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ተቀበሉ።

አንደኛ፣ በሬዲዮ «ጥያቄዎቹን ሁሉ መርምረናል፤ ቅሬታ ያቀረበ የለም» ስትሉ ሰምቼ ኮራሁባችሁ። በምስጢር የተወሰደበት ሰው ምኑን አውቆ ይጮሃል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የናንተ ጨዋነት ግን ጅቡ ከሄደም በኋላ ዝም አሰኝቷችኋል።

ሁለተኛ፣ ንግግራችንን ስላልሰማችሁ እንዳመሰግናችሁ ፈልጋችኋል። ብትሰሙትማ በተሻለ፤ ስለ ጉልበቴ ቁርጥማትና ስለ በቅሎዋ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ ብቻ ቆጥሮ መሄድ፣ ሰው ቤት በር ላይ ጫማ አይቶ ወሬ እንደ መንዛት ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ወይዘሮ ሥርጉት በልጃቸው ፊት አፍረው ስልካቸውን ዘግተዋል። ስደውል የምታነሳልኝ ያቺ «ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» የምትለው ሴትዮ ብቻ ናት፤ እንዲህ ከቀጠለ እሷን ማግባቴ ነው።

ስለዚህ ነገሬን ለልጃቸው ያደረሰው መንግሥት ነውና ሽማግሌም መንግሥት ይሁን። ከመካከላችሁ ሦስት ሰው ጋቢ ለብሶ ቡሬ ይሂድ። ደጃፋቸው ላይ ቆማችሁ፣ «እናትህ ነውር የለባቸውም፤ ነውሩ ሳንጠይቅ እጅ ያወጣን የኛ ነው» በሉት። ይህን ሳትሉ እንዳትቀመጡ። ከዚያ ጠይቁልኝ። ዝምድና እንዳይኖረን እስከ ሰባት ቤት ዘሬን ቁጠሩ ቢሏችሁ አትቸገሩም፤ የሰው ዘመድ አዝማድ መቁጠር ሥራችሁ ሆኗል።

ከዘራውን ተደግፎ የናንተን ሽምግልና የሚጠብቅ፣ ስለ ትጋታችሁ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያተመ፣

ገነነ አለበል

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ሥርጉት እሺ ካሉ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። የት እንደምትቀመጡ ግን ምስጢር ነው፤ ደልዳዩ እኔ፣ ተቆጣጣሪውም እኔ ነኝ። እስካሁን በቦታው ቅሬታ ያቀረበ እንግዳ የለም።