በሠርጉ ቀን ያወለቅኩት ጥቁር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል ወይስ ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት ትንሽ አሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አባዬ ካረፈ ወዲህ አልጋው ሰፋብኝ ብለሽኝ ነበርና ማታ ማታ የማስበው ይህንኑ ነው። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። የልብስ እጥበት ቤቱ እንፋሎት ፊቴን ቢያቀላውም ጤናዬ ሙሉ ነው።

ባለፈው በስልክ ስለ ሠርጉ ስትጠይቂኝ፣ ጥቁሬን ለብሼ ጥግ ተቀምጬ በጊዜ ተመለስኩ አልኩሽ። አንቺም "የአባትሽ አጥንት ይመርቅሽ" አልሽኝ። እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ዓመቱ እስኪሞላ ጥቁር አላወልቅም ብዬ የገባሁልሽን ቃል አፍርሼ ሳለ ነው የመረቅሽኝ። ደግሜ ደውዬ ላርመው ብሞክርም ድምፅሽን ስሰማ ስለ ጉልበትሽ ብቻ ጠይቄ እዘጋለሁ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ሙሽራዋ ሳቂታ የምንላት ባልደረባዬ ናት። አንሶላ ስናጥፍ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ስንገናኝና ስንለያይ እንውላለን። የአባዬ መርዶ የመጣ ጊዜ የእኔን ተራ በራሷ ላይ ደርባ የተኮሰችልኝ እሷ ናት። ከእንዲህ ያለ ሰው ሠርግ መቅረት አይታሰብም። እሷ የፈለግሽውን ልበሽ፣ ብቻ ነይልኝ ነው ያለችኝ። የሙሽራው አክስት ግን እጥበት ቤቱ ድረስ መጥታ፣ ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጋ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ከሙሽራ አጠገብ ሲቆም ደስ አይልም ብላኝ ሄደች።

ልብሶቼን አልጋ ላይ ዘረጋሁ። ጥቁሩ አንገቱ ላይ ነጣ ብሏል። ግራጫው የሥራ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ የሳሙና ሽታው ይገባል። የቀረው ለዕረፍት ወደ እናንተ ስመጣ ልለብሰው የገዛሁት ቢጫ ቀሚስ ነው፤ አባዬ ሳያየው ቀረ። አከራዬ በር ላይ ቆማ ሐዘን በልብ ነው፣ ጨርቅ ምን ያውቃል አለችኝ። ጨርቅማ ብዙ ያውቃል፤ ስተኩሰው የምውለው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ቢጫውን ለብሼ፣ ትልቁን ጥቁር ሻርፕ ከላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ለአንቺም ለሠርጉም ያዳርሳል ብዬ ነበር።

ሻርፑን ያወለቅኩት ራሴ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሳቂታ እጄን ይዛ ወደ መሃል ስትስበኝ ወንበር ላይ ወርውሬው ሄድኩ። ከዚያ ጨፈርኩ እማዬ። እንደ ልጅነቴ፣ ጫማዬ እስኪወልቅ ጨፈርኩ። ያቺ አክስት እንኳ ሳትቀር ቀሚሷን ሰብስባ ከጎኔ ገባች። የሚከብደኝ ግን ቢጫው አይደለም። ያን ሁሉ ከሰዓት አባዬን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም። በአውቶቡስ እያንጎራጎርኩ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ልክ እንደ እሱ አድርገው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መርዶውን እንደ አዲስ የተረዳሁ ያህል ሆነብኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስክወርድ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጥቁሬን መልሼ ለበስኩ። ስለዋሸሁሽ፣ ቃሌንም ስላፈረስኩ ይቅር በይኝ። በመጨፈሬ ተጸጽቻለሁ ብዬ ልጽፍልሽም አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበርና ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። ከተቆጣሽ ቁጣሽን ከራስሽ አፍ ልስማው፤ ዝም ብቻ አትበይኝ።

አያቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ይህን ግን አጠገቧ ጮክ ብለሽ አታንብቢ፤ ጆሮዋ ሲፈልግ ይሰማል። ወንድሜን ናፍቄዋለሁ፣ ያንን ጢሙን ይላጨው በይልኝ። ሚስቱን እርጉዝ ሆና ከባድ ነገር እንዳታነሳ አደራ በያት። አባዬ መቃብር ስትሄጂ የሠርጉን ነገር አታንሺበት። እኔ ነግሬዋለሁ።

ልጅሽ

ከእጥበት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን