ረግረጉ በአካል ይቅረብ ስለመባሉ

ለተከበሩ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እግርዎም እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ የደረቀ ይሁን። ከረግረጉ የተፈናቀሉ ሁለት እንቁራሪቶች ከማክሰኞ ጀምሮ በግራ ጫማዬ ውስጥ መኖሪያ መመሥረታቸውን በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። የቀኙ ጫማ እስካሁን በእኔ ይዞታ ሥር ይገኛል።

እኔ ከረግረጉ በታች ባለው መንደር ከልብስ ሰፊዋ ልጄ ጋር የምኖር፣ ዋና ሥራዬ የልጅ ልጆቼን ማናደድ የሆነ ሽማግሌ ነኝ። ረግረጉ በአፈር ተደፍኖ መጋዘን እንዲሠራበት መወሰኑን፣ ቅሬታ ያለውም በአሥር ቀን ውስጥ ቅጽ እንዲሞላ የሚለውን ማስታወቂያዎን አንብቤ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንደለመድኩት ታዝዤ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት መስተንግዶ በቅደም ተከተል ላመስግን።

፩. ቅጹ የተጎጂውን ስም ስለሚጠይቅ «ረግረጉ» ብዬ ሞላሁ፤ አድራሻ፦ እዚያው፤ ሥራ፦ ከኮረብታው የሚወርደውን የክረምት ውኃ ይዞ ቀስ እያለ መልቀቅ፤ ዕድሜ፦ ከመሥሪያ ቤቱ በጥቂቱ የሚበልጥ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሁለቴ አንብባ፣ ሳትስቅ፣ «አባባ፣ አመልካቹ መታወቂያውን ይዞ በአካል ይቅረብ» አለችኝ። ሥራዋን የምታከብር ልጅ ናት፤ እድገት ይገባታል።

፪. ከእኔ ቀጥሎ የተስተናገደው መጋዘኑን የሚሠራው ኩባንያ ነበር። ኩባንያውን በዓይኑ ያየው የለም፤ እናት አልወለደችው፣ ጉንፋን አይዘው፣ ቢሞትም ቀባሪ አያስቸግር። ሆኖም በጠበቃው አፍ ተናገረ፣ በጠበቃው እጅ ፈረመ፤ በአካል ይቅረብ ያለውም አልነበረም። እኔም ለረግረጉ ጠበቃ ልሁንለት ብል ውክልና አምጣ ተባልኩ። ሰሞኑን እንቁራሪቶቹን በምስክርነት ይዤ ልመለስ አስቤ ነበር፤ ልጄ ግን «አባዬ፣ እነሱን ይመልሱልህና አንተን እዚያው ያስቀሩሃል» ብላ ከለከለችኝ።

፫. መድፈኑ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ግማሹ እንደተደፈነ፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ዘነበ። ውኃው ወደለመደው ቦታ ሲሄድ አፈር ስለገጠመው ወደ እኛ ዞረ። ልጄ ልጆቿን አስከትላ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጥታ ነበር፤ እኔን የሰፈር ጎረምሶች ከወጣሁበት ጠረጴዛ ላይ ተሸክመው አወጡኝ። አንድ ግድግዳ የምንጋራው ጫማ ሰፊ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ያልተነሳ ሰው ነበር። ግድግዳውን በጡጫ ሲመታ እሰማው ነበር። ከዚያ አቆመ። በዚህ ቁጥር ሥር የማቀርበው ምስጋና ፈልጌ አጣሁ።

፬. የመሥሪያ ቤትዎ ሪፖርት የአደጋውን ምክንያት «ተፈጥሮ» በሚል አንድ ቃል ስለጨረሰው ወረቀት ቆጣቢነትዎን አደንቃለሁ። ቅሬታ ለማቅረብ ሰው ያልሆነው ረግረግ፣ ጥፋት ለመሸከም ሲሆን ሰው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከከሰሱት ዘንድ ቃሉን ይቀበሉት። መታወቂያ ባይኖረውም፣ አመልካቹ በታዘዘው መሠረት እስከ ቤታችን ድረስ በአካል መቅረቡን ያቺ የመዝገብ ቤት ልጅ ትመዝግብልን።

፭. በጎርፉ ማግስት፣ ልጄ ከጫማ ሰፊው ቀብር ሳትመለስ፣ ቦት ጫማ አጥልቀው ወደ ቤታችን ስለወረዱ፣ ውኃው በግድግዳችን ላይ የተወው መስመርም ከልጄ የስፌት መኪና በላይ መሆኑን በገዛ እጅዎ ስለለኩ ከልብ አመሰግናለሁ።

የቀረው ግማሽ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ እንደሚደፈን በየአጥሩ ተለጥፏል። እኛ ሌላ የምንሄድበት ቤት የለንም። ስለዚህ ሥራው እንዲቆም፣ ውሳኔው እንደገና ሲታይም ለረግረጉ አንድ ወንበር እንዲተውለትና የውኃውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስለ እሱ እንዲናገር እለምናለሁ። ይህን የምለው ስለጃጀሁ አይደለም፤ እኛ የመናገር መብት ስለነፈግነው ረግረጉ ዝም እንደማይል በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው።

ለማኅተምዎ ቀለም፣ ለፊርማዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ (ቀና ማለት ካቃተኝም ቆይቷል) እሰናበታለሁ።

የልብስ ሰፊዋ አባት፣
ያለ ውክልና የረግረጉ ጠበቃ

ማስታወሻ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከራሴ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ተራ ቁጥር ፭ ነው። እርስዎ አልመጡም። የጻፍኩት፣ ልጄ አንብባው «ኃላፊው አይቶታል፣ ሰኞ አይደፍኑትም» ብላ እንድትተኛ ነው። እሷ የእኔን ደብዳቤ ፊርማው ላይ ስትደርስ አጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ እዚህ ድረስ አታነብም። እስከ ሰኞ ወርደው ካዩት፣ ልጄን አልዋሸኋትም ማለት ነው።