ከጉሎ ቅጠል ጋር የተነሡት ጥፍሮቼ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ወንዳፍራሽ፤ ጎሬ።

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ቁርጥማትዎ ክረምቱን አልባሰብዎትም? እትዬ አትክልትስ፣ ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የሰበታ ሰው ቆማጣ ናት ካለኝ ግን ስድስት ወር ሆነኝ።

ሠርጌ የፈረሰበትን ምክንያት በግልጽ ጻፊልኝ ብለውኛል። በሚያዝያ፣ ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው አክስታችን ሸዋነሽ እንሶስላ አሙቃ ጣቶቼን ቀባችኝና እጄን በጉሎ ቅጠል ጠቀለለችልኝ። በማግስቱ የእጮኛዬ የጎበና እናት ወይዘሮ ፀሐይ ምራቴን ልይ ብለው መጡና እንደ ዳኛ ፊቴ ተቀምጠው አስፈቱኝ። ቅጠሉ ሲላጥ የሁለት ጣቶቼ ጥፍር አብሮት ተነሣ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ደፍነው ወጡ። ቤታቸው ውሃ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ሳይቀር ሰብረው አመድ ውስጥ ቀበሩት አሉ።

ኮሌታውን እየተኮሰ መዘነጥ ብቻ የሚያውቀው ጎበናም አንድ ቀን እንኳ መጥቶ እጄን አላየም። ሦስት ዓመት እወድሻለሁ ሲለኝ የኖረውን ሰው ሁለት ጥፍር አባረረው። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽዎትም። አሁን ግን ንቄዋለሁ።

ክሊኒክ ስሄድ ድሬሰሩ ኦቦ ኢቲቻ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ይሰማሻል ወይ አለኝ። ሁሉም ተሰማኝ፤ ቆማጣ ብሆን ጣቴ በደነዘዘ ነበር። በግሪኩ አረቄ መጥመቂያ ቤት ጠርሙስ አጣቢ መሆኔን ስነግረው ሳቀ። እጅ ቀኑን ሙሉ በሶዳ ውሃ ሲዘፈዘፍ ጥፍር ከጫፉ ጀምሮ ከሥጋው ይለቃል፣ እርጥበት ከሥሩ እየገባ ያባብሰዋል፣ ያንቺም ቀድሞ ለቆ ኖሮ ቅጠሉ ጨረሰው እንጂ የሥጋ ደዌ አይደለም አለኝ። እጄን እንዳደርቅና ከውሃው እንድርቅ መከረኝ። አለቃዬን ለምኜ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ወደሚለጠፍበት ተዛወርኩ፤ ጥፍሬም ይኸው በቅሏል።

እነጎበና መብቀሉን ሰምተው ነው አሁን ወደ እርስዎ ሽማግሌ የሚልኩት። እዚያው ጎሬ ያሉት የጎበና አጎት የዚሁኑ የግሪኩን አረቄ ይዘው ይመጡብዎታል። ወይዘሮ ፀሐይ ብርጭቆዬን ሲሰብሩ በየቀኑ የሚጎነጩትን የግሪኩን አረቄ ጠርሙስ ማን እንዳጠበው አልጠየቁም። በሚያመጡልዎ ጠርሙስ ላይ ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝና ሳይሳቀቁ ይጠጡት። ሲጨርሱም እህቴን አልሰጥም ብለው ባዶውን ጠርሙስ ያስይዟቸው።

እትዬ አትክልትን እጅ ነሥቻለሁ። ጌታቸውን ይሳሙልኝ። ሙሉዬን፣ ጥፍርሽን እንዳትበዪ አክስትሽ ብላለች ይበሏት። ሸዋነሽም ናፍቆቷን ልካለች።

እህትዎ የሺወርቅ
ሰበታ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.