ከምቱ በኋላ

ነሐሴ 8፣ ረፋድ
ዛሬም ዝናብ። ከሰሉ እርጥብ፣ ሻዩ እምቢ ብሏል። የአጋርፋ ተሳፋሪዎች ቆመው ያጉረመርማሉ። በዚህ መሐል ጓ. ደረጀ ሻይ ቤቴ ገባ፤ ጎባ ያለው የክፍለ ሀገሩ ኪነት ኃላፊ። ለአብዮት በዓል ብቻዬን እንድዘፍን ይፈልጋል፤ ያችኑ ድሮ አ.አ. ሆቴል ስዘፍናት የነበረችውን ዘፈን። ግጥሟ ይታረማል አለ፣ «ፍቅሬ» የሚለው «ሀገሬ» ይሆናል። ይሁን። ደግሞ ከአ.አ. መልማይ ይመጣል፣ ለትልቁ ቡድን ሰው ሊመርጥ።
ደብተሬ፣ ሟቹ ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ ሮቤ ካመጣኝ ወዲህ ዝፈኚ ያለኝ ሰው የለም። ስኳር ጨምሪ እንጂ።

ነሐሴ 11
ጎረቤቴ አደ ሩቂያ የሪራ ማር ይዘው መጡ፣ ለጉሮሮሽ ብለው። ኢንሻአላህ ይከፈታል አሉ።
ጎባ ልምምድ። ጣሰውን አገኘሁት! ሆቴሉ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋልኝ የነበረው ጣሰው። የጦሩ ባንድ ገብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ የፊት ጥርሱ ረግፎ። አሁንም ይነፋል።
እኔ ከምቱ ጥቂት ዘግይቼ ነው የምገባው። ሰው አመለጣት ሲል፣ ያኔ። ሌላው አጃቢ ይደናገጣል፤ ጣሰው ግን ቦታ ይተውልኛል። ዛሬም ተወልኝ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ነሐሴ 13
ከልምምድ በኋላ ሂስና ግለሂስ። ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ካኪ የለበሰች አንዲት ልጅ ተነሥታ በጣቷ እያሳየችኝ ጓድ የሺ ሁላችንም ምቱን ከረገጥን በኋላ ትገባለች አለች። ጓ. ደረጀ አጸደቀላት። የምሽት ክበብ ልማድ ነው፣ ስንፍና ነው፣ ሰፊው ሕዝብ እኩል ነው የሚራመደው አለ። ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።
አስነሡኝ። ዕድሜዬን የዘፈንኩበትን ነገር ጥፋቴ ነው፣ አርማለሁ አልኩ። ካላረምሽ ከዝግጅቱ ትወጫለሽ ተባልኩ። ጣሰው መሬት መሬት ያያል።
ምን ላድርግ? መድረኩን እፈልገዋለሁ። አፍሬ እንኳ እፈልገዋለሁ።

ነሐሴ 20
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ብርጭቆ ሳጥብ ግራ ቀኝ። ጓ. ደረጀ አሁን መጣሽ አለኝ። እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅሁለት።

ጳጉሜን 2
መልማዩ ግርማ ሆኖ ተገኘ! ድሮ የኛው ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች። ሆዱ ገፍቷል፣ መነጽር አድርጓል። ዘፈንኩለት። አንድ ቦታ እንኳ አልሳትኩም።
ከአዳራሹ በር ላይ ለብቻ ጠራኝ። እትዬ የሺ፣ ያንን ነገርሽን የት ጣልሽው አለኝ። ምት ጠብቀው የሚገቡ ልጆች አ.አ. ሞልተዋል፤ እኔ የመጣሁት ዘግይታ ለምትገባዋ ሴትዮ ነበር አለ። ከዚያ ሁለት ልጆች መርጦ ሄደ። አንዷ ያችው ሂስ ያቀረበችብኝ።
ከሁለት ያጣ ሆንኩ። ለነሱ ስል ገደልኩት፣ የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ሬሳውን አሳየሁት። ማንን ልርገም? ደረጀን ረገምኩ፣ ግርማን ረገምኩ፣ የራሴንም ተራ አልረሳሁም።

መስከረም 1
ጣሰው ቤት ሄድኩ። ነገ እንደ ድሮው ነው የምገባው፣ ካባረሩኝ ያባርሩኝ አልኩት። በድዱ ሳቀ። አንቺ ብቻ ነዪ፣ ቦታሽን እተውልሻለሁ አለ።

መስከረም 2፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
አዳራሹ ጢም ብሏል። ጣሰው ነፋ፣ ነፋና ቦታዬን ተወልኝ። አፌን ከፈትኩ።
ልክ በምቱ ገባሁ።
ሁለተኛው ስንኝ ላይ እዘገያለሁ አልኩ። እዚያም በምቱ። እግሬ ከቀሚሴ ሥር ይረግጣል፣ ግራ ቀኝ፤ እኔ አላዘዝኩትም። ሰው አጨበጨበ። ጓ. ደረጀ እዚያው መድረክ ኋላ ምሳሌ አድርጎ አነሣኝ፣ ቋሚ አባል ሆነሻል አለ። ሁሉም እጄን ጨበጡ።
ጣሰው ሳክስፎኑን እየጠረገ ቀና ሳይል፣ «ጠበቅሁሽ እኮ፣ የሺ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 5፣ ጠዋት
የኪነት ላንድሮቨር በሬ ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ልምምድ አለ። አደ ሩቂያን የለችም በሉልኝ አልኳቸው። ዋሹልኝ፤ ወላሂ ግን አላሉም። መኪናው ሄደ።
ነገ ቀበሌ ይጠራኛል። ይጥራኝ። የሰጡኝን ካኪ አጣጥፌ እመልስላቸዋለሁ።
ሻይ ቤቱን ከውስጥ ዘግቼ ያችን ዘፈን ጀመርኩ። በ«ፍቅሬ»ው። በምቱ ገባሁ። ደግሜ ጀመርኩ። በምቱ። እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ጀመርኩ። ጣቴ ጠረጴዛውን መታ።
ደብተሬ፣ ይህ ነገር ካልለቀቀኝ ሰው ፊት አልቆምም። ቆርጫለሁ። እጄ ላይ ብቀመጥስ? አሁን አንቺን ላስቀምጥሽና እንደገና ልጀምር።