በሕይወት ላሉትም ለሌሉትም የቀበሌያችን ምክር ቤት አባላት

ለክቡር አቶ ሀቢቡላህ፣ የቀበሌያችን አስተዳዳሪ
ጅማ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ሰላምና ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ድካም ለተሸከመዎት ወንበር ጥንካሬ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ስሜ ብርሃንነሽ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ሠርቼ ጡረታ ስለ ወጣሁ፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ዓይኔን ጨፍኜ መተየብ እችላለሁ። የቀበሌያችንን ስም በአደባባይ አላነሳም፤ እርስዎ ያውቁታል፣ እኛም እንኖርበታለን።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሠራተኞችዎ በራችንን አንኳኩተው ለአገር አቀፉ ምርጫ ካርድ እንድንወስድ በትሕትና ስለ መከሩን አመሰግናለሁ። እወስዳለሁ፤ ሰልፉም ላይ እቆማለሁ። ነገር ግን አንደኛዋን ልጅ «የእኛስ? የቀበሌው ምርጫ መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ በአዘኔታ አይታኝ «እማማ፣ እሱ እኮ ትንሹ ነው፤ ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ቃል ነው። ከልጅቱ አፍ መውጣቱ አላስቆጣኝም፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ከእኔው አፍ መውጣቱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ የመጀመሪያውን በራሴ ላይ አቀርባለሁ።

1ኛ. ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ጠይባን ያስታውሷት ይሆናል። ባሏ ከሞተ በኋላ በአንዲት የስፌት መኪና ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገች፣ የሰው ልክ በዓይኗ ብቻ የምትወስድ ሴት ነበረች። በዚያ ዓመት ለቀበሌው ምክር ቤት በግሏ ተወዳደረች። የቅስቀሳ ወረቀት አልነበራትም፤ የምትናገረውም ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መታጠፊያው ላይ ክዳን አጥቶ ስለሚኖረው የጎርፍ ቦይ። የምርጫው ዕለት ጠዋት ዝናብ ይጥል ነበር፤ ጃንጥላ ይዛ ደጄ ላይ ቆመች።

«ኮቱ ብርሃኔ፣ ነይ እንጂ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ፤ ሰውን በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሁለት ጊዜ መጥራት ልማዷ ነበር።

እኔም «ለቀበሌ ብዬ ነው በዝናብ የምወጣው? ለትልቁ ጊዜ ሦስት ሰዓት ተሰልፌያለሁ፤ ትንሹ ምን ያደርግልኛል?» አልኳት።

ሳቀች። «ወላሂ ብርሃኔ፣ ትልቁ ፓርላማ ይህን ቦይ አያውቀውም። የምናውቀው እኔና አንቺ ነን» ብላ ብቻዋን ሄደች።

ለማለፍ ዘጠኝ ድምፅ ጎደላት። ከእኛ መንደር ብቻ ካርድ ይዘን ቤታችን የቀረን ሠላሳ አንድ ሰዎች ነበርን፤ ኋላ ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄ ነው ያወቅሁት። አንዱ እንግዳ መጥቶበት ነበር፣ አንዷ ልብስ አጥባ ነበር፣ ሌላው ረስቶት ነበር። ጠይባ ግን አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

2ኛ. ስለዚሁ ቦይ ስድስት ማመልከቻ ጽፈንልዎታል፤ ሁሉንም የተየብሁት እኔ ነኝ። ስድስቱንም ሳይሰለቹ ተቀብለው ማኅተም ስላሳረፉባቸው ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ ማኅተምዎ እንደ ሐምሌ ዝናብ ለሁሉም እኩል ይወርዳል።

ካቻምና ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት እንዳለቀ፣ ዝናቡ ሲያባራ መንገዱ ሁሉ አንድ ቡናማ ውኃ ሆኖ ቦዩ የት እንደሚጀምር አይለይም ነበር። ጠይባ የሰፋችልኝን ቀሚስ በፌስታል ይዛ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። በመስኮት አየኋት። እጇን አነሳችልኝ፤ እኔም አነሳሁላት። ከዚያ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ሰዎች ከታች፣ ቦዩ አወቱ ወንዝን ከሚቀላቀልበት አጠገብ አገኟት። አፉን ጠበቅ አድርጋ ያሰረችው ፌስታል ከእጇ አልወጣም ነበር፤ ቀሚሱም አልረጠበም። እስካሁን ለብሼው አላውቅም፤ ልኬ እንደሚሆን ግን አውቃለሁ፣ እሷ ተሳስታ አታውቅም። ዝናብ ባባራ ቁጥር እዚያ መስኮት አጠገብ ራሴን አገኘዋለሁ፤ እጄም ሳላዝዘው ይነሳል። መንገዱን እያየሁ እጠብቃለሁ፤ ምን እንደምጠብቅ ግን ለልጆቼም ልነግራቸው አልቻልሁም።

ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው፣ መጥተው ከእኛ ጋር ስለ ተቀመጡ ክብር ይስጥልኝ። ፊት ለፊት ካሉት ወንበሮች በአንዱ ተቀምጠው «የአላህ ውሳኔ ነው» ብለው ነበር። ከአጋሮ የመጣው ወንድሟ ቲጃኒ «የአላህን ውሳኔ ተቀብለናል፣ አልሐምዱሊላህ፤ የቀበሌውን ውሳኔ ነው የምንጠብቀው» ሲልዎት ሻይዎን ሳይጨርሱ የተነሱት አስቸኳይ ስብሰባ ኖሮብዎት እንደ ሆነ አልጠራጠርም።

3ኛ. ስብሰባውማ ነበረ። ቦዩን ለመክደን ምክር ቤቱ መወሰን እንዳለበት ተነገረን፤ ጥቂት ቆይቶም ምክር ቤቱ ተሰብስቦ «ወደፊት ይታያል» ብሎ በሙሉ ድምፅ መወሰኑ ተነገረን። ቃለ ጉባኤ ስተይብ የኖርሁ ሰው ነኝና ላየው ጠየቅሁ፤ ጸሐፊዎም በጨዋነት አሳየችኝ።

በመጀመሪያው መስመር የአቶ ኩመራ ፊርማ አለ። አቶ ኩመራን ከአራት ዓመት በፊት ቀብረነዋል፤ እኔም ለቀስተኛ ነበርሁ። በሁለተኛው መስመር የአብዱልፈታሕ ፊርማ አለ፤ እሱ አጋሮ ገብቶ ቡና መነገድ ከጀመረ ስምንት ዓመቱ ነው። በሦስተኛው ላይ ያሉት ሼክ ሸኩር ታመው አሰንዳቦ፣ ልጃቸው ቤት ናቸው፤ ብደውልላቸው «እኔ? እኔ እኮ ከአልጋ መውረድ ካቃተኝ ዓመት አለፈኝ» አሉ፤ ቀጥለውም «ለመሆኑ ምን ወሰንን?» ብለው ጠየቁኝ።

ወረቀቱን ለጸሐፊዋ መለስሁላት። ለአምስት ዓመት የመረጥናቸው፣ ይቅርታ፣ እኔ ልመርጣቸው ያልወጣሁላቸው ሰዎች፣ ዘመናቸው ካለቀ በኋላ፣ አንዳንዶቹም ዕድሜያቸው ካለቀ በኋላ፣ በጠይባ ሞት ላይ ተሰብስበው ነበር። አጥንቴ ድረስ የዘለቀው ብርድ ይህ ነው። እኛ ባዶ የተውነው ወንበር ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ ሕያው ከቀረበት ሙት ይቀመጥበታል። አቶ ኩመራ ከመቃብሩ ተነስቶ በሰዓቱ ሲገኝ እኔ ሁለት መቶ እርምጃ መሄድ ሰንፌ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ያደረግነውንም ላሳውቅዎ ግድ ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ የጠይባ ትልቋ ልጅ ፈድሊያ መንደሩን ጠራች። ከእድሩም ከመስጊዱ ጀመዓም ሰው ወጣ፤ ወጣቶቹ ሲሚንቶ አቦኩ፣ እኔ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ውኃ አመላለስሁ፣ ቦዩም በአንድ ቀን ተከደነ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅነው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ኖሯል። ስንታጠብ ፈድሊያ «የቀበሌው ምርጫ በተጠራ ቀን እኔ እወዳደራለሁ» አለች፤ ማንም አላጨበጨበም። ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ስማቸውን እኔ ጋ አስመዘገቡ፤ ከሠላሳ አንዳችን ውስጥ በሕይወት ያለን ሃያ ስድስት ነን፣ ሃያ ስድስታችንም ተመዝግበናል። ስለዚህ ለትልቁ ምርጫ ቀስቃሽ ስለ ላኩልን እያመሰገንሁ፣ የትንሹን ቀን ደግሞ እንዲነግሩን በትሕትና እለምናለሁ። ለዚህኛው ቀስቃሽ መላክ አያስፈልግዎትም።

የከበረ ጊዜዎን በሕያዋን ጉዳይ በማባከኔ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ማመልከቻ ለመቀበል የማይታክተውን ቀኝ እጅዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልን በመመኘት፣

ታዛዥዎ፣
ብርሃንነሽ፣ የቀድሞ ታይፒስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ «ያለ ፈቃድ የተሠራው ክዳን በሰባት ቀን ውስጥ ይነሳ» የሚለው ማስጠንቀቂያዎ ደረሰን። ስድስት ማመልከቻ አንድም መልስ ባላገኘበት ቤት ይህ በሦስት ቀን በመድረሱ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ። ሊያፈርሱ የሚመጡት ሰዎች ፈድሊያን ክዳኑ ላይ ወንበር ዘርግታ በእናቷ የስፌት መኪና ስትሰፋ ያገኟታል። እሷ ታነብበው ዘንድ የማፍረሱን ውሳኔ ቃለ ጉባኤ ይዘው ይምጡ፤ አደራዎን፣ እስትንፋስ ያላቸው ሰዎች የፈረሙበትን።